የጎልማሳው ደም ሥር፣ የሽማግሌው አንጎል

ጣልያን ዓድዋ ላይ ድል በተመታችበት የአውሮፓ ዓመት፣ በ1896 መጨረሻ፣ ሺፒዮኔ ሪቫ-ሮቺ የሚባል ጣልያናዊ ሐኪም ቱሪን ከተማ ላይ ስለ አንድ አዲስ የደም ግፊት መለኪያ መሣሪያ ጻፈ። መሣሪያው ክንድ ላይ የሚጠቀለል፣ ከብስክሌት ካላማዳሪ የተሠራ ቱቦና የሜርኩሪ ዘንግ ነበረው። ቱቦው ሲነፋ ክንዱን ያንቃል፤ የእጅ አንጓ ላይ ትርታው ጭልጥ ብሎ ሲጠፋ የሜርኩሪው ቁመት ይነበባል። በዘጠነኛው ዓመት ኒኮላይ ኮሮትኮቭ የሚባል ሩሲያዊ የጦር ሐኪም በሴንት ፒተርስበርግ ማዳመጫውን ክርን ላይ አሳርፎ ሁለት ቁጥር ማግኘት እንደሚቻል አሳየ፤ አንዱ ልብ ስትጨመቅ፣ ሌላው ስትላላ። ጽሑፉ አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። ዛሬ በፎገራ ወረዳ ወረታ ከተማ ላይ በጤና ጣቢያም ሆነ በግል ክሊኒክ ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ የሪቫ-ሮቺ፣ በደብተር ላይ የሚሰፍሩት ሁለቱ ቁጥሮች የኮሮትኮቭ ውርስ ናቸው።

የዓድዋው ባለ ድልም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደሉም። አጤ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. ተወልደው ስልሳዎቹን ዕድሜ ሲያጋምሱ ጤናቸው ይታወክ ጀመር። ሕመሙ ሄድ መለስ ሲል ቆይቶ በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ከባድ ስትሮክ ጣላቸው፤ ሰውነታቸው አልታዘዝ አለ፣ አንደበታቸው ተያዘ። ከዚያ በኋላ አገሪቱ ለአራት ዓመት የተዳደረችው መናገር በማይችል ንጉሥ ስም ነው። የልጅ ልጃቸው፣ ልጅ ኢያሱ፣ ወራሽ ተብለው ነበር፤ ራስ ተሰማ ናደው እንደራሴ ሆኑ፤ እቴጌ ጣይቱ በመጋቢት 1902 ከሥልጣን ተገለሉ፤ ራስ ተሰማም በዓመቱ ሞቱ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ ሳይነገር ከረመ። ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ስለዚያ ዘመን ሽኩቻ ብዙ ቀለም አፍስሰዋል፤ የቤተ መንግሥቱ ሹክሹክታም መርዝ ተሰጥቷቸዋል ይል ነበር። ሽኩቻውን ሁሉ የከፈተው ግን አንጎል ውስጥ ያለ ደም ሥር ነው። ለዚያ ደም ሥር የተሰጠው ቦታ ለእኔ እንደሚመስለኝ ከሚገባው ያነሰ ነው።

ምኒልክ ጤና ባጡበት በዚያው ዘመን፣ በኅዳር 1906 እ.ኤ.አ.፣ አሎይስ አልዛይመር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ቱቢንገን ላይ በተሰበሰበ የሐኪሞች ጉባኤ ፊት ቆመ። በሃምሳ ዓመቷ ገደማ ማስታወስ ተስኗት፣ ቤተሰቧን መለየት አቅቷት የሞተችን ሴት አንጎል በአጉሊ መነጽር ሲመረምር ያየውን ተናገረ። በሕዋሳቱ ውስጥ የተጠላለፈ ክር፣ በሕዋሳቱ መካከል የተጋገረ ዝቃጭ ነበር። ይኸው ሐኪም ደም ሥራቸው ስለደነደነ ሰዎች አንጎልም ቀደም ብሎ ጽፎ ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡት ግን ነገሩን ለሁለት ከፈሉት። ገና በጎልማሳነት የሚመጣው መርሳት የአልዛይመር በሽታ ተባለ፤ ሽማግሌ ሲጃጅ ግን «ደም ሥሩ ደርቆ ነው» ተብሎ መዝገቡ ተዘጋ። ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ከዚህ አልፎ የጠየቀ ጥቂት ነው። ሽማግሌ ይጃጃል፤ ምን ይደረጋል?

የደም ግፊትን ዝቅ ማድረግ እንደሚገባም ሐኪሞች ገና አልተስማሙም ነበር። በ1931 እ.ኤ.አ. በታተመ ዝነኛ የልብ ሕክምና መጽሐፍ ውስጥ አሜሪካዊው ፖል ደድሊ ዋይት ከፍ ያለ ግፊት ሰውነት ራሱን የሚረዳበት መላ ሊሆን ስለሚችል ባይነካ ይሻላል እስከ ማለት ደርሶ ነበር። የዚህ አስተሳሰብ ዋጋ በዓለም ፊት የተከፈለው ከ14 ዓመት በኋላ ነው፤ ለዚያውም ከእኛው ንጉሠ ነገሥት ዓይን ሥር ማለት ይቻላል። የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግብፅ ውስጥ በታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ በቆመችው ኩዊንሲ በተባለችው የጦር መርከብ ላይ ከፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ጋር ተገናኙ። ስለ ባሕር በርና ስለ ምድር ባቡሩ ተነጋገሩ። ፊት ለፊታቸው የተቀመጡት ሰው የ63 ዓመት ሰው ነበሩ፤ ፎቶግራፋቸው ግን ከዚያ በላይ ያስረጃቸዋል። የልብ ሐኪማቸው ሐዋርድ ብሩን ከአንድ ዓመት በፊት ሲለካቸው ግፊታቸው 186 በ108 ነበር። የግል ሐኪማቸው አድሚራል ማክንታየር ግን ለጋዜጠኞች ደህና ናቸው ይል ነበር። ከኩዊንሲው ውይይት ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 4 ቀን፣ ሩዝቬልት ከባድ ራስ ምታት አለብኝ ብለው ወደቁ። ብሩን ሲለካ 300 በ190 አገኘ። በዚያው ቀን ሞቱ።

ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1948 እ.ኤ.አ.፣ የአሜሪካ መንግሥት የልብ ተቋም አቋቁሞ ማሳቹሴትስ ውስጥ ፍራሚንግሃም በምትባል አነስተኛ ከተማ 5,209 ሰዎችን መዘገበ። ሐሳቡ ቀላልና ትዕግሥት የሚፈልግ ነው። ጤነኛ ጎልማሳ ይለካል፣ ደሙ ይመረመራል፣ ሲጋራ ያጨስ እንደሆነ ይጠየቃል፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ እየተመለሰ ይታያል፤ ማን ታመመ፣ ማን ሞተ ይባላል። ግፊት፣ ኮሌስትሮልና ሲጋራ ለልብ ሕመም አጋላጭ መሆናቸውን ዓለም በደንብ የተረዳው ከዚያች ከተማ ነው። ያኔ የአንጎል ነገር ዋና ጉዳይ አልነበረም። ግን ተመዝጋቢዎቹ አረጁ፤ መዝገቡም አብሯቸው ቆየ፤ አንድ ቀን አንድ ሰው መጥቶ «እነዚህ ሰዎች በሃምሳ ዓመታቸው ግፊታቸው ስንት ነበር? ዛሬስ ስንት ነገር ያስታውሳሉ?» ብሎ ሊጠይቅ የሚችልበት ሀብት ተጠራቀመ።

በጣና ዙሪያ በዚያ ዘመን የነበረው ጭንቀት ሌላ ነበር። በ1953 እ.ኤ.አ. ደምቢያ ላይ ወባ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በዓመቱ የተከፈተው በዚያ እልቂት ምክንያት ነው፤ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከዚያ የበቀለ ነው። ኮሌጁ የሚያስመርቃቸው የጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና የንጽሕና ባለሙያዎች ሥራቸው ወባ፣ ፈንጣጣ፣ ታይፈስ፣ ውኃና መጸዳጃ ነበር። ይህም አልበቃ ብሎ በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በተከታዩ መኸር ወባ እንደገና ተነሥቶ ደጋውን ሳይቀር አዳረሰ፤ በአገሪቱ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህል እንደሞተ ተገመተ።

እስቲ በዚያው በ1950 ዓ.ም. ቁሐር ሚካኤል ላይ የተወለደ አንድ ልጅ እናስብ። የማስበው የአንድን ትውልድ ዕድሜ ለመቁጠሪያ እንዲመች ነው። ቀበሌው ፎገራ ሜዳ ላይ ነው፤ ከጉና ተራራ የሚወርዱት ርብና ጉማራ ክረምት ክረምት ሜዳውን እያጥለቀለቁ ወደ ጣና የሚገቡበት፣ የፎገራ ከብት የሚሰማራበት፣ ትንኝ የማይጠፋበት አገር ነው። ያ ልጅ ሲወለድ ኢትዮጵያዊ በአማካይ ይኖራል የሚባለው 40 ዓመት ያህል ነበር። አርባ ዓመት በሚኖርበት አገር የሰባ ዓመት አንጎል የማንም አጀንዳ አይሆንም፤ ይህን ለመውቀስ የሚደፍር ያለ አይመስለኝም።

ልጁ አሥር ዓመት ሲሆነው፣ በ1968 እ.ኤ.አ.፣ እንግሊዝ አገር ኒውካስል ላይ ብሌስድ፣ ቶምሊንሰንና ሮዝ የሚባሉ ሐኪሞች የሞቱ አዛውንትን አንጎል እየቆጠሩ መርምረው፣ «ደም ሥሩ ደርቆ ነው» ሲባልላቸው ከኖሩት ብዙዎቹ አልዛይመር ያየው ዓይነት ዝቃጭ እንዳለባቸው አሳዩ። ያኔ ሚዛኑ ወደ ሌላው ጎን አጋደለ። የሽማግሌ መርሳት የአልዛይመር በሽታ ሆነ፤ ደም ሥር ወደ ዳር ተገፋ። በ1974 እ.ኤ.አ. ቭላዲሚር ሐቺንስኪና ባልደረቦቹ በደም ሥር ምክንያት የሚመጣው መርሳት የሚከሰተው ትናንሽ ስትሮኮች እየተደራረቡ አንጎልን ሲቦረብሩት ነው ብለው ለብቻው ስም ሰጡት። ሁለት በሽታ፣ ሁለት መንገድ፤ የተገናኙ አይመስሉም ነበር።

ፎገራም በዚያው ሰሞን የራሷን የነርቭ ሕመም ታስታምም ነበር። በ1960ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በደምቢያና በፎገራ ሜዳ ጓያ ብዙ ሰው እግር ያዘ። ጓያ ውኃ ያቆረውንም ሆነ ድርቅ የመታውን መሬት ችሎ የሚበቅል፣ ሌላው እህል ሲጠፋ ደሃን የሚያተርፍ እህል ነው፤ ወር በወር ላይ እሱን ብቻ ሲበሉ ግን በውስጡ ያለው መርዝ እግርን የሚያዙትን ነርቮች ይጎዳል። ብርቱ ወጣት በአንድ ሌሊት በትር ይይዛል። አእምሮው አይነካም፤ ያስታውሳል፣ ይቆጥራል፣ ይጨዋወታል፤ እግሩ ብቻ ይተሳሰራል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቤት ለቤት እየዞሩ ይህን ሕመም መዘገቡ። እኒሁ ሐኪም ቡታጅራ አካባቢ 60,820 ሰው በሚሸፍን ጥናት የገጠሩን የነርቭ ሕመም በጠቅላላ አስቆጠሩ። አንደኛ የወጣው የሚጥል በሽታ ነው፤ ፖሊዮ ያሰነከላቸውና የሥጋ ደዌ ነርቭ ያደነዘዘባቸው ቀጠሉ። ስትሮክ ግማሽ ጎኑን ያሰነፈው ሰው ከመቶ ሺህ 15 ብቻ ነበር። ይህ ቁጥር ሁለት ነገር ይናገራል። ሰዉ ገና ወጣት ነበር፤ በስትሮክ የተመታውም ብዙ ሳይቆይ ይሞት ነበር።

በደርግ ዘመን ወደ ሜዳው ሩዝ ገባ። ጅግናና ሻጋ ላይ በገበሬ አምራች ማኅበራት ተሞከረ፤ ከሰሜን ኮርያ የመጡ ባለሙያዎች እጅ ነበረበት፤ እስከ ዛሬ በስፋት የሚዘራው ዝርያ ኤክስ-ጅግና የሚባለው ስሙን ከዚያው ነው ያገኘው። ረግረግ ተብሎ ለከብት የተተወው መሬት የገንዘብ መሬት ሆነ። ሩዝ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ሆነ፤ ጠላና አረቄም ተጠመቀበት፤ የተረፈው ወረታ ተፈልፍሎ ወደ ጎንደርና ባሕር ዳር ተጫነ።

በእነዚያው ዓመታት ከጎንደር ዙሪያ የተነሡ ቤተ እስራኤላውያን በሱዳን በኩል በ1984 እና 85፣ ከዚያም በ1991 እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ገቡ። ሐኪሞች እነሱን መመርመር የጀመሩት ሳይውል ሳያድር ነው፤ ያገኙትም ለእኛ የተላከ ደብዳቤ ይመስለኛል። ከአምቦበርና ከወለቃ የሄደው ገበሬ ከሳ ያለ፣ ብዙ የሚራመድ ሰው ነበር። ጥቂት ዓመት ነጭ ዱቄት፣ ለስላሳ መጠጥና አውቶቡስ ሲለምድ ስኳር በሽታ ከአስተናጋጆቹ በበለጠ ፍጥነት ያዘው፤ ግፊቱም ከፍ አለ። ደሙና ትውልዱ አልተለወጡም፤ የተለወጠው አኗኗሩ ነው። ፎገራ ደግሞ ለዚህ ለውጥ ባሕር መሻገር አላስፈለጋትም፤ አስፋልቱ፣ ባጃጁ፣ የፋብሪካ ዘይቱና ስኳሩ ቤቷ ድረስ መጡ።

ያ የ1950ው ልጅ አርባ ዓመት ሊሞላው ሲል የአንጎሉ ታሪክ በሌላ ዓለም ይጻፍ ጀመር። በ1995 እ.ኤ.አ. ሌኖር ላውነርና ባልደረቦቿ ሆኖሉሉ ላይ የሚኖሩ 3,735 የጃፓን ዝርያ ያላቸውን ወንዶች መዝገብ ገለጡ። ሰዎቹ ግፊታቸው የተለካው በ1960ዎቹ፣ በጎልማሳነታቸው ነው፤ የማሰብና የማስታወስ ፈተና የተሰጣቸው ከ25 ዓመት በኋላ። በጎልማሳነት የላይኛው ቁጥር አሥር በጨመረ ቁጥር በእርጅና ፈተናውን በደካማ ውጤት የመጨረስ ዕድል 9 በመቶ ይጨምር ነበር። በዓመቱ ኢንግማር ስኩግ ከስዊድን ጎተበርግ ሌላ ነገር አከለ። በ70 ዓመታቸው ግፊታቸው ከፍ ያለ ሰዎች ከአሥር፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ የመርሳት በሽታ በብዛት ያገኛቸዋል፤ በሽታው ከመገለጡ በፊት ባሉት ዓመታት ግን ግፊታቸው ራሱ ይወርዳል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሐኪም ተታልሎ የኖረው። የሚጃጅ ሽማግሌ ሲለካ ግፊቱ ደህና ነው፤ ስለዚህ ግፊት አልጎዳውም ይባላል። ጉዳቱ ግን ከሃያ ዓመት በፊት ደርሶ አልፏል።

ከአፍሪካ የተሰማው ድምፅ የመጣው ከናይጄሪያ ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. የተጀመረ አንድ ጥናት ኢባዳን ላይ የሚኖሩ የዮሩባ አዛውንትንና በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያንን ጎን ለጎን አስቀመጠ። በ2001 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲወጣ የመርሳት በሽታ በየዓመቱ የሚይዘው ከኢባዳኖቹ 1.35 በመቶውን፣ ከኢንዲያናፖሊሶቹ 3.24 በመቶውን ነበር። አንዳንዱ ይህን አይቶ አፍሪካዊ አይረሳም እንዴ አለ። ከዓመታት በኋላ እነ ፕሮፌሰር አዴሶላ ኦጉኒዪ በዚያው በኢባዳን መዝገብ ውስጥ ግፊት ያለባቸው አዛውንት ከሌሎቹ የበለጠ ለመርሳት በሽታ እንደሚጋለጡ አገኙ። ጥበቃ የሆናቸው አፍሪካዊነታቸው ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

በደም ሥሩና በአንጎሉ መካከል ምን እንደሚካሄድም በዚያ ዘመን በኤምአርአይ ይታይ ጀመር። አንጎል ከሰውነት ክብደት ሁለት በመቶ ያህል ሆኖ ከልብ ከሚወጣው ደም አምስተኛ ያህሉን ይወስዳል። ደሙ ወደ ውስጠኛው ነጭ ክፍል የሚደርሰው ከትልልቆቹ ደም ሥሮች ላይ ቀጥ ብለው በሚገነጠሉ፣ ፀጉር ባከሉ ቧንቧዎች ነው። በወጣትነት ትልቁ የልብ ደም ሥር እየተለጠጠ እያንዳንዱን ምት ያለዝበዋል። ግፊት፣ ስኳርና ሲጋራ ለዓመታት ሲጎዱት ግን ይደነድናል፤ የነሐሴ ርብ ዳርቻው ተጥሶ በቀጥታ ወደ ሩዝ ማሳ ቦይ ሲገባ ቦዩን እንደሚያፈርሰው፣ ያልለዘበው ምት ከነጉልበቱ ወደ ቀጭኖቹ ቧንቧዎች ይደርሳል። ግድግዳቸው ይወፍራል፣ ቀዳዳው ይጠባል፤ አንዳንዱ ይደፈናል፣ አንዳንዱ ጠብ ጠብ እያለ ይደማል። በኤምአርአይ ፎቶ ላይ ይህ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ሰውየው ምንም አልተሰማውም፤ ፊቱ አልተጣመመም፣ እጁ አልዛለም። ጊዜው ሲደርስ ግን ሐሳቡ ይንቀረፈፋል፣ ሒሳብ ይጠፋበታል፣ እርምጃው ያጥራል፣ ጠባዩ ይለወጣል። ማስታወሻን የሚሠራው ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍልም ይሟሽሻል።

በቁሐር ሚካኤልና በዙሪያው ያን ሁሉ የሚሰማ ጆሮ አልነበረም፤ ቢኖርም ሌላ ጩኸት ይውጠው ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1990ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያዎች ተመድበው አሥራ ስድስት ፓኬጆች ተሰጧቸው፤ ክትባት፣ ቤተሰብ ምጣኔ፣ መጸዳጃ ቤት፣ ወባ፣ ቲቢ፣ ኤችአይቪ። ግፊት መለካት ከአሥራ ስድስቱ አንዱ አልነበረም። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ ካላዛር ፈንድቶ ወደ ፎገራ ተዛመተ፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ላይ ሕክምና ከፈቱ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቀሉ። የ1950ው ልጅ ያኔ 48 ዓመቱ ነው። በሆኖሉሉ መዝገብ ቢሆን ግፊቱ የሚለካበት፣ ዕጣው የሚነበብበት ዕድሜ ነበር። በእኛ ጤና ኬላ ግን ነፍሰ ጡርና ሕፃን እንጂ የ48 ዓመት ገበሬ የሚገባበት በር አልነበረም፤ ወንዱ ጤና ጣቢያ የሚሄደው ሲቆስል ወይም ወባ ሲያንቀጠቅጠው ነው።

ቁጥሮቹ ከከተማ ጀምረው መጡ። በ2009 እ.ኤ.አ. እነ ዶክተር ፍቅሩ ተስፋዬ ያሳተሙት ጥናት ከአዲስ አበባ ጎልማሶች ከወንዶቹ 31.5፣ ከሴቶቹ 28.9 በመቶው ከፍ ያለ ግፊት እንዳለባቸው አሳየ። በ2012 እ.ኤ.አ. ጎንደር ከተማ ላይ ዕድሜያቸው 35ና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ የተደረገው ደግሞ 28.3 በመቶ አገኘ። በ2015 እ.ኤ.አ. በአገር አቀፍ ደረጃ፣ ገጠሩን ጨምሮ፣ ሲለካ ከመቶ 16 ያህሉ ግፊት ነበረባቸው፤ በቀን የሚበላው ጨው በአማካይ 8.3 ግራም ሆነ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከአምስት በታች ነው። ሽሯችንንና በርበሬያችንን ለሚያውቅ ይህ አያስገርምም።

ፎገራ በዚህ መካከል አንድ ጥሩ ነገር አገኘች። በ2003 ዓ.ም. ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በአገሪቱ በሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች፣ ከደቡብ አቸፈርና ከተሁለደሬ ጋር፣ አንዷ ፎገራ ነበረች። ገበሬው በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ከፍሎ ቤተሰቡን ማሳከም ቻለ። ለግፊት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ግፊት አንድ ጊዜ ታክመው የሚተውት አይደለም። መድኃኒቱ ዕለት ዕለት፣ ዕድሜ ልክ ይዋጣል፤ የማያም በሽታ ስለሆነ ግን ሰው «ተሻለኝ» ብሎ ያቆመዋል፣ ነጭ ሽንኩርትና ሽፈራው ይተካበታል። ጠበል የሚጠመቀውም መድኃኒቱን ሳይተው መጠመቅ እንደሚችል የሚነግሩት ቄስ ሲያገኝ ነው የሚታደለው። በዚያ ላይ መድኑ ቢኖር መድኃኒት ቤቱ ባዶ የሚሆንበት ቀን አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ውስጥ ጦርነት ሲቀጥል፣ መንገድ በተዘጋ ቁጥር የግፊት መድኃኒቶቹ፣ ኤናላፕሪልም አምሎዲፒንም፣ ይቋረጣሉ።

በ2017 እ.ኤ.አ. ሬቤካ ጎትስማንና ባልደረቦቿ ለሃምሳ ዓመት ተለያይተው የኖሩትን ሁለቱን መንገዶች አገናኙ። በአሜሪካ ከ1987 ጀምሮ ከ15 ሺህ በላይ ጎልማሶች ከተመዘገቡበት አንድ ትልቅ ጥናት ውስጥ 346 ሰዎችን መርጠው አንጎላቸውን አነሡ፤ ልዩው የምስል መሣሪያ አሚሎይድ የሚባለውን፣ አልዛይመር በአጉሊ መነጽር ያየውን ዝቃጭ በሕይወት ባለ ሰው ላይ ያሳያል። ሰዎቹ ሲመዘገቡ 52 ዓመት ያህል፣ ፎቶ ሲነሡ 76 ያህል ነበሩ። በጎልማሳነታቸው ግፊት፣ ስኳር፣ ውፍረት፣ ሲጋራና ኮሌስትሮል ከሚባሉት አንዱም ካልነበረባቸው 30.7 በመቶው ዝቃጩ ከፍ ብሎባቸው ተገኘ፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ከነበረባቸው ግን 61.2 በመቶው። እነዚያው ነገሮች በእርጅና ሲለኩ ግን ከዝቃጩ ጋር አልተያያዙም። ደም ሥሩ የሚጎዳው አንጎልን በማስራብ ብቻ ሳይሆን አልዛይመር ያየውን ነገር በማገዝም ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ በየትኛው መንገድ እንደሚያግዝ ተመራማሪዎቹ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ጠርጣራው እዚህ ላይ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። አብሮ መገኘት ሌላ፣ ማምጣት ሌላ። ግፊቱ ቢወርድ አንጎሉ ይድናል ወይ? በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ሙከራ፣ 9,361 ሰው የተሳተፈበት፣ የላይኛውን ቁጥር ከ140 በታች ከማድረግ ይልቅ ከ120 በታች ማድረግ ለመርሳት መነሻ የሚሆነውን የማስታወስ ድክመት 19 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ፤ የመርሳት በሽታ ራሱ ግን በእርግጠኝነት ለመናገር በሚያስችል መጠን አልቀነሰም ነበር፤ ሙከራው ቀድሞ በመቆሙ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ለቁሐር ሚካኤል ይበልጥ የሚቀርበው መልስ የመጣው ከቻይና ገጠር ነው። እዚያ 326 መንደሮች በሁለት ተከፈሉ፤ ዕድሜያቸው 40ና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ግፊት ያለባቸው 33,995 ሰዎች ተካተቱ። በግማሹ መንደር ሥራውን የያዙት በሐኪም ቁጥጥር ሥር ያሉ የመንደር ጤና ሠራተኞች ናቸው፤ ግፊት ይለካሉ፣ በተጻፈ መመሪያ መሠረት መድኃኒት ይጀምራሉ፣ ይጨምራሉ፤ መድኃኒቱ ርካሽ ወይም ነጻ ነው፤ ሰዉም ቤቱ የሚለካበት መሣሪያ ይሰጠዋል። በግማሹ የተለመደው ሕክምና ቀጠለ። አራት ዓመት ሲሞላ፣ ውጤቱ በ2025 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ በመጀመሪያዎቹ መንደሮች የመርሳት በሽታ 15 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ያለ ኤምአርአይ፣ ያለ ስፔሻሊስት፣ በመንደር ሠራተኛ እጅ።

የመንደር ሠራተኛ ደግሞ አለን፤ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነን። እስከ 2035 እ.ኤ.አ. የሚዘልቀው የጤና ኤክስቴንሽን ፍኖተ ካርታም ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎችን በባለሙያዋ ሥራ ውስጥ አስገብቷል። መድኃኒት እንድትጀምር ይፈቀድላታል ወይስ ለክታ ወደ ወረታ ትልካለች የሚለው ነው ልዩነቱ፤ እኔ እንድትጀምር ከሚሉት ወገን ነኝ፤ በተጻፈ መመሪያና በሐኪም ቁጥጥር እስከሆነ ድረስ። በምሥራቅ አፍሪካ የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ከ2019 እስከ 2050 እ.ኤ.አ. ከሦስት ዕጥፍ በላይ እንደሚጨምር ተገምቷል፤ ገበሬው የጤና ኬላውን ደጅ ከሚጠብቅ ይልቅ ባለሙያዋ መለኪያዋን ይዛ ወደ ዕድሩና ወደ ሩዝ መፈልፈያው ብትሄድ ሥራው ይቀልላል። የ1950ው ልጅ በ2018 ዓ.ም. 68 ዓመቱ ነው፤ ለእሱም መለካቱ ከስትሮክ ያድነዋል። በቻይናው ሙከራ መግቢያ ዕድሜ ላይ የሚደርሱት ግን የ1978 ልጆች ናቸው፤ በዚሁ በ2018 አርባ ሞላቸው፤ ከሩዝ ማሳው ባለቤቶችም ብዙዎቹ እነሱ ናቸው።